የልጆችን ፎቶ በጥቁርና ነጭ፦ ከመስኮቱ ዳር እስከ ፎቶ ቤቱ

የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ሲሞላት ያነሳኋት ፎቶ ነበር። መስኮት ዳር ቁጭ ብላለች፤ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። ፊቷን አነጣሁት፣ ቆዳዋንም አለሰለስኩት። ያማረ መስሎኝ ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችና ትንሽ አየችው። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። የምሯን ነበር። የልጅ ልጇን አላወቀቻትም።

ያ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለሙን ሁሉ ይወስድና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይተውልናል። የልጁን ፊት የሚነግረን ብርሃኑ ቆዳው ላይ እንዴት እንዳረፈ ነው። ጠይሙ ልጅ ጠይም፣ ቀይ ዳማዋ ቀይ ዳማ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ደግሞም ማማር አለበት። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን እንዴት እንደማደርገው ነው። ስልክ ያላችሁም ካሜራ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

1. መጀመሪያ ብርሃኑን አዘጋጁ

ፍላሹን አጥፉ። የቤቱን አምፖልም አጥፉ። «ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ የአምፖሉ ቀለም ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። የአምፖሉ ቢጫና የመስኮቱ ሰማያዊ ብርሃን ፊት ላይ ሲቀላቀሉ፣ በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ግማሹ ፊት ለአንዱ ስላይደር (በጣት የሚንሸራተት ማስተካከያ)፣ ግማሹ ለሌላው ይታዘዛል። ያኔ ማስተካከል ያስቸግራል።

መስኮት ምረጡ። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት ይሁን። ጠዋት ከሆነ በምዕራብ በኩል ያለው፣ ከሰዓት ከሆነ በምሥራቅ በኩል ያለው ይሻላል። ሌላ መስኮት ከሌለና ፀሐይ ከገባ፣ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱበት። ቤቱ ትልቅ መስኮት ከሌለው አትጨነቁ፤ በሩን ክፈቱት። ልጁን ከደፉ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጉ። ከጀርባው ያለው ቤት ስለሚጨልም ፊቱ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። እኔ በብዙ ቤቶች ከመስኮት ይልቅ በሩን እመርጣለሁ።

ውጭ ማንሳት ከፈለጋችሁ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አታንሱ። ዓይኖች ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። በረንዳ ሥር ወይም የቤቱ ጥላ ውስጥ ግቡ። ወይም እስከ 11 ሰዓት ታገሡ። በክረምት ግን ደመናው ራሱ ትልቅ መጋረጃ ነው። ለፊት ፎቶ ከሐምሌና ከነሐሴ ብርሃን የሚበልጥ አላየሁም። ሰዎች «ዛሬ ጨልሟል፣ ፎቶ አይሆንም» ሲሉ እኔ ካሜራዬን የማወጣው ያን ጊዜ ነው።

ልጁን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቁት። በጣም ከተጠጋ አንዱ ጉንጭ ፎቶው ላይ ከመጠን በላይ ይነጣል፣ ሌላው ይጨልማል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ አይዙር፤ ግማሽ ዞር ይበል። እናንተ መስኮቱ በጎናችሁ እንዲሆን ቁሙ። አሁን የጨለመውን ጉንጭ እዩት። ምንም ካልታያችሁ፣ በዚያ በኩል ወንበር አስቀምጡና ነጭ አንሶላ ወይም ነጠላ ጣል አድርጉበት። ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ይረጨዋል። ወንበሩን ቀስ እያላችሁ አስጠጉት፤ ጥላው እንዳይጠፋ፣ ግን እንዲለሰልስ።

ስለ ቆዳችን አንድ ነገር ላንሳ። በነጣ ፊት ላይ ቅርጽን የሚያሳየው በዋናነት ጥላው ነው። በጠቆረ ፊት ላይ ደግሞ ቅርጹን የሚናገረው ከቆዳው የሚንጸባረቀው ብርሃን ነው። ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ ላይ የሚታየው ያ ለስላሳ ውጋገን። ስለዚህ ብርሃኑ ከትልቅ ነገር መምጣት አለበት፦ ከሰፊ መስኮት፣ ከበር፣ ከደመናማ ሰማይ። ከትንሽ ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከስልክ ፍላሽ፣ ውጋገኑ ነጭ ነጥብ ይሆንና ፊቱን ያበላሸዋል። እናት ልጇን አጥባ ቫዝሊን ቀብታው ከመጣች፣ ጥሩ ነው፤ አትጥረጉት። በመስኮት ብርሃን ያማረ ነው የሚወጣው።

2. ጀርባውንና ልብሱን እዩ

ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ግድግዳ በዓይን ሲታዩ ይለያያሉ። ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የስልኩን ካሜራ ለጊዜው ጥቁርና ነጭ ማድረግና ማየት ነው። ካያችሁ በኋላ ወደ ቀለም መልሱት። ፎቶው የሚነሳው በቀለም ነው፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

ትልልቅ ጽሑፍ ያለበትን ቲሸርት ተዉት። ዓይን ከፊቱ ይልቅ ወደ ጽሑፉ ይሄዳል። ፀጉሯ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ከሆነች፣ ከጀርባዋ በጣም ጥቁር ነገር አይኑር፤ ሹሩባው ይጠፋል። ትንሽ ፈካ ያለ ግድግዳ ወይም መጋረጃ ይበቃል።

3. ካሜራውን ወይም ስልኩን አስተካክሉ

ስልክ ከሆነ መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የጣት ቅባት ፎቶውን ጉም ያለብሰዋል። ከዚያ 2 እጥፍ የሚለውን ምረጡና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። በሰፊው ሌንስ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮው ይርቃል። የልጁን ፊት በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙት፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በማንሸራተት ብርሃኑን ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ ለልጅ ብዙ አልመክርም። የከርዳዳ ፀጉርን ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ያደርገዋል።

ካሜራ ከሆነ ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ጥሩ ነው። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 2.8 ወይም 4 ላይ አድርጉ። ከዚያ በላይ ከከፈታችሁት አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት) ለተቀመጠ ልጅ ከሰከንድ 1/250 አይውረድ። ለሚሮጥ 1/500 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ልጅ ቁጭ ብሎም ይንቀሳቀሳልና። ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ከፍ ለማድረግ አትፍሩ። ያኔ የሚወጣው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ በቀለም ፎቶ ቢያስጠላም በጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም ይመስላል። የደበዘዘ ዓይንን ግን ማንም አያድነውም። ትኩረቱ ሁልጊዜ ለእናንተ በሚቀርበው ዓይን ላይ ይሁን። ካሜራችሁ ሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ፋይል) የሚይዝ ከሆነ በሮው አንሱ።

አሁን የበዓሉን ችግር እንፍታ። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለጥምቀት የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አለች። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የተሠራው። ነጩ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ቀሚሱ ግራጫ፣ የልጅቷ ፊት ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ብዙ የበዓል ፎቶዎቻችን የሚበላሹት በዚህ ነው። ጥፋቱ የልጅቷ ቆዳ አይደለም። መፍትሔው ካሜራውን መምራት ነው። ስልክ ላይ ፊቷን ነክታችሁ ቆልፉ፤ ከዚያ የነጠላው ክር መታየት እስኪጀምር ድረስ ብቻ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ካሜራ ላይ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን የብርሃን መጠን፣ ከ2/3 እስከ 1 ያህል ጨምሩ። ጠቆር ያለ ፊት ፍሬሙን ሞልቶ በጥቁር ጀርባ ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ካሜራው ከሚገባው በላይ ያነጣዋል። ያኔ ቀንሱ።

4. ልጁ

«ሳቅ በል!» አትበሉት። «ቀጥ በል!»ም አትበሉት። እንዲህ ሲባል ልጅ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም። ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቆችም ከጀርባችሁ ሆነው እንዳይጮኹበት በትሕትና ለምኗቸው። አንድ ሰው ብቻ ያነጋግረው፤ እሱም ለሌንሱ ቅርብ ይሁን።

ዝቅ በሉ። ተንበርከኩ ወይም መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ሌንሱ የልጁ ዓይን ካለበት ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ ሰውነቱ ያንሳል። በዚያ ላይ የቀና ብሎ ማየት ነገር አለበት፤ አባት የሚቆጣው ልጅ ይመስላል።

ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ፎቶ አታንሱ። ካሜራውን አሳዩት፣ ይንካው፣ እናንተን ያንሳችሁ። ከዚያ ሥራ ስጡት። ከአራት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የእኔ ሥራ እንቆቅልሽ ነው።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።»

እዚህ ላይ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ይሁን። ልጁ ሲያስብ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ትንሽ ይከፈታል፣ ፊቱ ጸጥ ይላል። ይህን ፊት በትእዛዝ አታገኙትም። ካልመለሰ «ሀገር ስጠኝ» በሉት። ሀገር ሲሰጥ ይኮራል፤ ያንንም አንሱ። «ጤዛ!» ብላችሁ መልሱን ስትነግሩት ደግሞ እውነተኛው ሳቅ ይመጣል። በአንድ እንቆቅልሽ ሦስት ፊት አገኛችሁ። ሳቁ ከመጣ በኋላ ወዲያው አታቁሙ። ምርጡ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሳቁ ሲያልቅና ፊቱ ሲመለስ ባሉት ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሥራው የእናት ድምፅ ነው። እናቱ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ስታወራው ዓይኑ ወደ ብርሃኑ ይዞራል። ገና ለተወለደ ሕፃን ደግሞ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ብርሃኑ ከአናቱ ወደ እግሩ ወይም ከጎኑ ይምጣ። ከእግሩ በኩል ከመጣ የአፍንጫው ጥላ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱ ያስፈራል። አንዳንድ ቤተሰብ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ፎቶው ለሰው እንዲታይ አይፈልግም። ሳትከራከሩ አክብሩ።

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ዓይኑን ማሸት ከጀመረ አቁሙ። ያለቀሰ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ሲያይ ይሸሻል።

የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ከወላጅ ፈቃድ ጠይቁ። ልጁንም ጠይቁት፤ «ላንሳህ?» ማለት ምንም አያስከፍልም። ሲታጠብ ወይም ራቁቱን ሆኖ የተነሳ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ስም ያለበት ዩኒፎርም የሚታይበት ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይውጣ። በዚህ ላይ ቸልተኛ መሆን የለብንም። ልጁ ነገ ያድጋል፤ ፎቶው ግን እዚያው ይቆያል።

5. መምረጥ

መቶ ፎቶ ካነሳችሁ አምስት ምረጡ። መጀመሪያ ዓይኑ ያልጠራውን ሁሉ አጥፉ፤ አትዘኑለት። ከዚያ የቀሩትን በትንሹ፣ በቴምብር መጠን እዩአቸው። በዚያ መጠን ፊቱ ከጀርባው ተለይቶ የሚታየው ፎቶ ለጥቁርና ነጭ ይሆናል። ውበቱ በቀለሙ ላይ የቆመውን፣ ለምሳሌ ልጅቷ አደይ አበባ ይዛ የተነሳችውን፣ በቀለሙ ተዉት። ሁሉም ፎቶ ጥቁርና ነጭ መሆን የለበትም።

6. ኤዲት ማድረግ

ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ለስልክ በነጻ ይወርዳል፤ አንዳንድ መሣሪያዎቹ ብቻ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስናፕሲድ የተባለው ሌላው መተግበሪያ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ልዩነቱን እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

ገና በቀለም እያለ ጀምሩ። ቆዳው ተፈጥሯዊ ቀለሙን እስኪይዝ ዋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቢጫነትና ሰማያዊነት የሚያመጣጥነውን) አስተካክሉ። ኤክስፖዠሩን ፊቱ በደንብ እስኪታይ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ቁረጡት፤ ግን አገጩንና ጣቶቹን አትቁረጡበት።

ከዚያ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚለውን ንኩ። ቀለሙን ዝም ብላችሁ ዜሮ አታድርጉት። በዚህ መንገድ ስትቀይሩት እያንዳንዱ የቀድሞ ቀለም ምን ያህል እንደሚነጣ ወይም እንደሚጠቁር የምትወስኑበት ስምንት ስላይደር ታገኛላችሁ። ፎቶውን በቀለም አንሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የሰው ቆዳ፣ ቀይም ይሁን ጥቁር፣ አብዛኛው ያለው ብርቱካናማው ውስጥ ነው። ብርቱካናማውን ስላይደር ከ10 እስከ 20 ከፍ አድርጉና ፊቱን እዩ። ውጋገኑ ይነቃል። 40 ብታደርሱት ፊቱ ኖራ ይመስላል፤ የእኔ የመጀመሪያ ስህተት እሱ ነበር። ቀዩን እዚያው ተዉት ወይም እስከ 10 ዝቅ አድርጉት፤ ከንፈሩ ቅርጹን ይይዛል። ፊቱ ላይ ሽፍታ ወይም የወባ ትንኝ ንክሻ ካለ ግን ቀዩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያጠፋዋል። አረንጓዴና ሰማያዊውን ዝቅ ስታደርጉ ዛፉና ሰማዩ ይጨልማሉ፤ ልጁ ወደፊት ይመጣል።

ስናፕሲድ ውስጥ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚለው መሣሪያ ባለ ቀለም ክቦች አሉት። ለእኛ ቆዳ ብርቱካናማውን ወይም ቢጫውን ሞክሩ። ቀዩ ብዙ ጊዜ ያነጣል። ሰማያዊው ቆዳውን ያጠቁርና ጠባሳውን ሁሉ ያወጣል። በጣም የቆዩ የጥቁርና ነጭ የካሜራ ፊልሞች ቀይ ብርሃን አይሰማቸውም ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች በፎቶ ከመልካቸው በላይ ጠቁረው የሚታዩት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑ። ሃይላይቱን (የነጣውን ክፍል) ከ20 እስከ 30 ቀንሱ፤ የነጠላው ክርና ጥለቱ ይመለሳሉ። ብላኩን (በጣም የጠቆረውን ክፍል) በትንሹ ቀንሱ፤ የዓይኑ ብሌን ጥቁር ይሁን። ፎቶው ውስጥ አንድ እውነተኛ ጥቁርና አንድ እውነተኛ ነጭ ካለ በቂ ነው። ሻዶውን (ጥላውን) ብዙ አታብሩት፤ ያን ሁሉ ደክማችሁ ያገኛችሁት የመስኮት ጥላ ይጠፋል። ዝርዝሩን የሚያጎላውን ክላሪቲ የሚለውን ለልጅ ፊት አትንኩት። ቆዳውን ያቆሽሸዋል። ማለስለሻውንም አትንኩት። የልጅ ቆዳ ምን ጎድሎት ነው የሚለሰልሰው? አፍንጫው ላይ ያለው ንፍጥ ወይም የምግብ ፍርፋሪ ይጥፋ፤ ጠባሳና ማሪያም የሳመችው ምልክት ግን የልጁ ነውና ይቆይ።

መጨረሻ ላይ ዓይኖቹ። በብሩሽ፣ ስናፕሲድ ከሆነ ደግሞ ዶጅ ኤንድ በርን በሚለው፣ በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ያለውን ክብ በጣም በትንሹ ብሩህ አድርጉት። ነጩን ክፍል አትንኩት፤ ያፈጠጠ ያስመስለዋል። ብሌኑ ላይ የመስኮቱ ትንሽ ነጸብራቅ ካለ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

አሁን የቀለሙን ፎቶና የጨረሳችሁትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ። የስልኩን የማታ ቢጫ ብርሃን አጥፉ፤ የስክሪኑን ድምቀት መካከለኛ አድርጉት። ከዚያ ልጁን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። እኔ እናቴን ነው የማሳያት። «እሷ ናት» ካለች ጨርሻለሁ። ትንሽ ካመነታች ወደ ብርቱካናማው ስላይደር እመለሳለሁ። ከተቻለም ፎቶውን አሳድራችሁ በማግሥቱ እዩት፤ ማታ ያማረ ጠዋት ላይ በዝቶ ይገኛል።

7. ማሳጠብ

ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አሳጥቡት። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር 1200 በ1800 ፒክሰል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600 ያህል ያስፈልጋል። ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ትልቅ ፎቶ አሳጥቤ ልጅቷ በሙሉ አረንጓዴ ሆና ወጣችብኝ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀለም ማሽን ሲታተም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ናሙና አሠሩ። ደጅ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ግራጫው ግራጫ ከሆነ ትልቁን እዘዙ። ወረቀቱ የማያብረቀርቀው ዓይነት ይሁን። ወረቀት እንደ ስክሪን ከውስጥ አያበራም፤ ከመላካችሁ በፊት ኤክስፖዠሩን በ0.3 ያህል ከፍ አድርጉት።

ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ የልጁን ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፎቶው ፊት ይተላለፋል።